ፍቺው ሳያልቅ የተወለደ ልጅ፦ በሕግ አባቱ ማነው?

ባለፈው ወር አንዲት የሰፈሬን ልጅ አጅቤ የወረዳ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄጄ ነበር። ሁለት ወር ያለፈው ልጇን አዝላ፣ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ። የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው ብለን ነበር። ፎርሙ ላይ "የአባት ስም" የሚለው ጋ ሲደረስ አሁን አብራው የምትኖረውን ሰው ስም ተናገረች። ሠራተኛው ከፌስታሉ የወጡትን ወረቀቶች ሲያገላብጡ አንድ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አገኙ። እዚያ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው።

"ይሄኛውስ ማነው?" አሏት።

"እሱማ ከተለያየን ሦስት ዓመታችን ነው ጋሼ።"

"ተፋታችኋል?"

"ክሱ ፍርድ ቤት ነው።"

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲያውማ ልጄ፣ በሕግ የልጁ አባት ባልሽ ነው። ሌላ ስም ለማስገባት ከፍርድ ቤት ወረቀት ማምጣት አለብሽ።"

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። እውነቱን ለመናገር ለእኔም መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሕጉን ሳነብ ግን ሰውዬው ልክ ናቸው። እንዲያውም ነገሩ እሳቸው ከነገሩን የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሰዓት እየቆጠረ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሆነ እንስማማ። የማወራው ስለ ተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ይህ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎች ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። መሠረቱ ይቀራረባል፤ ቀኑና ዝርዝሩ ላይ ግን ሊለያይ ይችላል። ክልል ያላችሁ የክልላችሁን ሕግ አስነብባችሁ አረጋግጡ። ሁለቱም ወገን ፈቅደው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኙ ከሆነ ደግሞ የሚሠራው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እናት ማን እንደሆነች ለማወቅ ሕጉ አይጨነቅም፦ የወለደችው እናት ናት፣ በቃ። አባት ግን አይወልድምና ሕጉ "ግምት" ይወስዳል። ግምቱ እንዲህ ይላል፦ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው (አንቀጽ 126)። "ወይም" የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ከሁለቱ አንዱ ከተሟላ ይበቃል። ልጁ የተወለደው ጋብቻው ሳይፈርስ ከሆነ፣ ባልና ሚስቱ ለሦስት ዓመት ባይተያዩ እንኳ፣ ሕጉ ሲነሳ የሚነሳው ባልየው አባት ነው ብሎ ነው።

"ተለያይተናል እኮ!" ትላላችሁ። መለያየት ፍቺ አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጦ "በቃ፣ ተዋቸው" ማለቱም ፍቺ አይደለም። ድሮ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ፣ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ ላይ ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው። የ1992ቱ ሕግ ያንን ሥልጣን ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጥቶታል። ሽማግሌ ዛሬ ያስታርቃል፣ ያደራድራል፤ ጋብቻ አያፈርስም። በእርግጥ የሰበር ሰሚ ችሎት በአንድ ወቅት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው ሌላ ሕይወት የመሠረቱ ሰዎች ጋብቻቸው በሁኔታ ፈርሷል ያለበት ውሳኔ አለ፤ ብዙ ክርክርም አስነስቷል። ግን እሱን ተማምኖ መቀመጥ በሰው ጃንጥላ ዝናብ መውጣት ነው። ያንን ለማስባል ራሱ ስንት ዓመት መከራከር እንዳለ አስቡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። "ፍቺያችን አላለቀም" ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ገና አልሰጠም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የፍቺ ውሳኔው ተሰጥቷል፣ የቤቱና የመኪናው ክፍፍል ግን ገና እየተጎተተ ነው። የንብረት ክርክር ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ሰዎቹም እስከዚያ "ገና አልተፋታንም" እያሉ ያወራሉ። ለአባትነት ጉዳይ ግን የሚቆጠረው ጋብቻው ፈርሷል ተብሎ የተወሰነበት ቀን ነው። ንብረቱ ተከፋፈለ አልተከፋፈለ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ፋይላችሁን አውጡና የፍቺው ውሳኔ ቀን የቱ እንደሆነ እዩ። ካልተወሰነ ደግሞ እናንተ አሁንም ባለትዳር ናችሁ፤ ነገሩ ይሄው ነው።

ውሳኔው ቢሰጥም ግምቱ በማግስቱ አይቆምም። ጋብቻው በፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ በጋብቻው ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጠራል (አንቀጽ 128)። የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ይመቻል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 300 ቀን ማለት ድፍን 10 ወር ነው። ፍቺው መስከረም 1 ቢወሰን እስከ ሐምሌ 1 የተወለደ ልጅ የቀድሞው ባል ልጅ ነው ተብሎ ይገመታል። ጳጉሜን መሃል ላይ ከገባች ቀኖቿን መቁጠር እንዳትረሱ።

ሴት ልጅ ከፍቺ በኋላ ሌላ ለማግባት 180 ቀን፣ ማለትም 6 ወር፣ እንድትጠብቅ ሕጉ የሚጠይቀውም ለዚሁ ነው። አንድ ልጅ ሁለት አባት እንዳይመጣበት። እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ፣ ከፍቺው በኋላ ከወለደች፣ የቀድሞ ባሏን መልሳ ካገባች ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደላት መጠበቅ የለባትም። ወንዱ ላይ እንዲህ ያለ ጊዜ የለም። ይሄ ያናድዳል? አንዳንዶቻችሁን እንደሚያናድድ አውቃለሁ። በዲኤንኤ ዘመን ቀን መቁጠሩ ያረጀ ነገር ይመስለኛል፤ ግን ሕጉ እስካለ ድረስ እየቆጠርን ነው።

ሕጉ ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው፣ የጎረቤቴን ታሪክ ትቼ ሌላውን ጫፍ ላሳያችሁ። ሚስት የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ባል ለፍቺ ከሰሰ። ቀለብ የሚባለው ነገር ሲነሳ "ልጁ የኔ አይደለም" አለ። ይሄ በየችሎቱ የተለመደ ነገር ነው። ግምቱ ባይኖር ኖሮ እናትየው ሆዷን ይዛ አባትነት ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ መሮጥ ነበረባት። አሁን ግን ሁለት ነገር ብቻ ታስረዳለች፦ ጋብቻው እንደነበረና ልጁ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደተወለደ። ከዚያ በኋላ የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብም ፍርድ ቤቱ የመጨረሻውን ውሳኔ ሳይጠብቅ ስለ ልጆች አኗኗርና ቀለብ ወዲያው ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት አለበት። "ፍቺው ሳያልቅ ቀለብ የለም" የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

ይህንንም ልብ በሉ፦ ባልየው ችሎት ላይ ቆሞ "የኔ አይደለም" ማለቱ ብቻውን ምንም አያመጣም። ሰፈር ውስጥ ማውራቱማ ጭራሽ። ግምቱን የሚያፈርሰው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ልጅነትን የመካድ ክስ። ይህንን ክስ የሚያቀርበው ራሱ ባልየው ነው። እናትየው "የእሱ አይደለም" ብላ መካድ አትችልም። ሥጋዊ አባቱም "የኔ ነው፣ ስጡኝ" ብሎ በባልየው ፋንታ መካድ አይችልም። ቁልፉ በባልየው ኪስ ነው ያለው።

ለቁልፉም ጊዜ ተቀምጦለታል። ባልየው መወለዱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረበት ቀን አንስቶ 180 ቀን። ስድስት ወር። ያ ካለፈ በኋላ "ዝም ያልኩት ለልጁ አዝኜ ነው" ወይም "ፍቺው ይለቅ ብዬ ነው" ቢል አይሰማም። የፍቺ ክርክሩና ይህ የጊዜ ገደብ አይተዋወቁም። ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው፦ የፍቺ ፋይሉ ስለተከፈተ ሁሉም ነገር አብሮ የሚወሰን ይመስለዋል፤ ፋይሉ በቀጠሮ ሲንከባለል ስድስቱ ወር ያልፋል። ከዚያ በኋላ ልጁ በሕግ የእሱ ነው፤ ቀለቡም፣ ውርሱም፣ ስሙም።

ባልየው ምን ያስረዳል? ከሚያስረዳባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፦ ልጁ ከመወለዱ በፊት ባሉት ከ300ኛው እስከ 180ኛው ቀን መካከል ከእናትየው ጋር ግንኙነት እንዳልነበረው። በቀን እንየው። ልጁ የተወለደው ሰኔ 1 ነው እንበል። ወደ ኋላ ሲቆጠር ከነሐሴ 6 እስከ ታኅሣሥ 1 ያለው ጊዜ ነው የሚፈተሸው። በነዚያ አራት ወራት ውስጥ አንድ ቀን ተገናኝተው እንደነበር ከታየ በዚህ መንገድ ያለው ክርክር ይላላል።

ይህ ነገር በተለይ አንዳቸው ውጭ አገር ለሠሩ ባልና ሚስት ወሳኝ ነው። ባል ሳዑዲ ወይም ዱባይ ከነበረ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የመግቢያና መውጫ ማህተም ከአሥር ምስክር ይበልጣል። የተገላቢጦሹም አለ። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሄዳ ዓመታት ሠርታ፣ እዚያ ሳለች ልጅ ወልዳ የምትመለስ እህት አለች፤ አገር ቤት ያለው ጋብቻ ግን በወረቀት አልፈረሰም። ሕጉ ልጁ የት ተወለደ ብሎ አይጠይቅም፤ እናቱ ባል አላት ወይ ነው የሚለው። ያ ልጅ ከአውሮፕላን ሲወርድ አይቶት በማያውቅ ሰው ስም ሊመዘገብ ይችላል።

ዲኤንኤስ? ሁላችሁም ይህን ልትጠይቁ እንደሆነ አውቃለሁ። የሕክምና ማስረጃ ትልቅ ክብደት አለው፤ ፍርድ ቤትም ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ግን ዲኤንኤ ማስረጃ ነው እንጂ ክስ አይደለም። በግላችሁ አስመርምራችሁ "አባት አይደለም" የሚል ወረቀት ብታገኙ ወረቀቱ ብቻውን የማንንም ስም ከመዝገብ አያወጣም። በጊዜው ክስ ውስጥ መግባት አለበት። 180 ቀኑ ካለፈ በኋላ ኪስ ውስጥ የተገኘ የምርመራ ውጤት ምን ያህል እንደሚያበሳጭ አስቡት።

ወደ ሥጋዊ አባቱ እንምጣ። ያ አሁን ከእናትየው ጋር ያለው ሰው፣ ልጁን ሌሊት የሚያባብለው፣ ወተት የሚገዛው። በተለመደው ጊዜ ቢሆን አንድ ወንድ ልጁን በቀላሉ መቀበል ይችላል፦ በመዝገብ ሹም ፊት ቀርቦ "ልጄ ነው" ብሎ ማረጋገጥ፣ ወይም በኑዛዜ፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል ፊት በተረጋገጠ ጽሑፍ። ካልተቀበለ ደግሞ ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች አባትነቱ በፍርድ ቤት ሊወሰን ይችላል (አንቀጽ 143)፤ ለምሳሌ በተፀነሰበት ጊዜ በቋሚነት አብረው ከኖሩ፣ ወይም አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ጽሑፍ ከጻፈ፣ ወይም እንደ አባት ሆኖ ልጁን ሲያሳድግ ከነበረ። ችግሩ ይሄ ሁሉ የሚሠራው በሕግ አባት ለሌለው ልጅ መሆኑ ነው። የእኛ ሕፃን በሕግ አባት አለው። ወንበሩ ተይዟል። መጀመሪያ የያዘው ሰው መነሳት አለበት።

አንድ ጠባብ በር አለች። ሰውየውና እናትየው ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ፣ ሕጉ ለእንዲህ ያለ ኑሮም የአባትነት ግምት ሰጥቶታል። ስለዚህ አንድ ልጅ ላይ ሁለት ግምት ሊያርፍ ይችላል፤ የባልየውና የዚህኛው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ወንዶች ተስማምተው አባትነቱን ለአንዳቸው የሚያደርጉበት ሥርዓት አለ። ካልተስማሙ ግን ሕጉ የሚያደላው ለባልየው ነው። በዚህ መንገድ መሄድ የምትፈልጉ ጠበቃ ሳትይዙ አትጀምሩት፤ በቡና ላይ የተደረገ ስምምነት ፍርድ ቤት አይቀበለውም።

"እኛ ግን ዝም ብለን የእሱን ስም ብናስመዘግብስ? ማን ያውቃል?" ይህን ከአንድ ሰው በላይ ጠይቆኛል። ለወሳኝ ኩነት መዝጋቢ የሐሰት መረጃ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጉዳዩ አንድ ቀን ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውርስ ነው። በሕግ የባልየው ልጅ የሆነው ሰው ከባልየው ይወርሳል፤ ያሳደገው ሥጋዊ አባት ሲሞት ደግሞ ወንድምና እህቶቹ የጋብቻ ወረቀቱን ቆፍረው ያወጡና "ይሄ እኮ የእገሌ ልጅ ነው" ይላሉ። ለቅሶው ገና ሳይበርድ።

ለእናቶች ደግሞ ሌላ የሚያስፈራ ነገር አለ፣ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 652 ዝሙት አሁንም ወንጀል ነው፤ የሚከሰሰው ግን የተበደለው የትዳር ጓደኛ የግል አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። ወንዱም ሴቷም ላይ ይሠራል። ብዙ ሴቶች የፍቺ ፋይል ለመክፈት ወይም የልጁን እውነት ለመናገር የሚፈሩት ይህንን ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ፈርቶ መቀመጡ ግን ጋብቻውን ያራዝመዋል፣ ሁለተኛው ልጅም በዚያው ሰው ስም ይወለዳል። ጠበቃ መክፈል የማትችሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያካሂዷቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፤ በየፍርድ ቤቱ ግቢም ጠይቁ።

ስለ ስም ትንሽ ልበል። የኛ አገር ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አይደለም። ሁለተኛው ስም የአንድ ሰው ስም ነው፤ የአባትህ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ፣ የፈተና ካርድ ላይ፣ ባንክ፣ ፓስፖርት፣ የሠርግ ካርድ ላይ ሳይቀር ያ ሰው አብሮህ ይጠራል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የወረቀት ብቻ አይደለም። "ዲቃላ" የሚለው ስድብ በሰፈራችን አሁንም እንዳለ እናውቃለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ እያንዳንዱ ልጅ ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለውም እዚያው ላይ ተጽፏል። ያ ሁለተኛው መብትና የአንቀጽ 126 ግምት አንዳንድ ጊዜ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ስድስት ወር ለባልየው ብቻ መስጠቱና ለልጁ ምንም አለመተው ፍትሐዊ አይመስለኝም።

እስኪቀየር ድረስ ግን በእጃችን ባለው እንሥራ። ተለያይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ የፍቺ አቤቱታችሁን አስገቡ፤ ሌላ ሰው እስኪመጣ፣ ልጅ እስኪመጣ አትጠብቁ። ፍርድ ቤቱ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ከሦስት ወር ግን አይበልጥም። ሲወሰን የውሳኔውን ግልባጭ በማህተም ውሰዱና ፍቺውን ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ፤ ብዙ ሰው ጋብቻውን አስመዝግቦ ፍቺውን ይረሳል። ልጅ ከተወለደ ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ባል ሆናችሁ ልጁ የእናንተ እንዳልሆነ የምታውቁ ከሆነ የሰማችሁበትን ቀን ጻፉት፤ ከዚያ ቀን ነው የሚቆጠረው። ልጁ የእናንተ ከሆነ ደግሞ፣ ሚስት ተናዳ "አባቱ አይደለህም" ብትላችሁ እንኳ በቃል ብቻ ልትፍቃችሁ አትችልም።

የሰፈሬ ልጅስ? ከወረዳ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ብዙ አልተናገረችም። ማታ ላይ ለቀድሞ አማቷ ደወለች፤ ሴትየዋ አሁንም ይወዷታል። "እትዬ፣ ልጅሽን አገናኚኝ፣ ልጣላው አይደለም" አለቻቸው። በሁለተኛው ቀን ቡና ቤት ተገናኙ፤ እኔ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ባልየው መወለዱን የሰማው በክርስትናው ሳምንት፣ ከእናቱ ነው። የመካድ ክስ የሚባል ነገር እንዳለ ግን አያውቅም ነበር፤ "እኔ ፍቺው ሲያልቅ ሁሉም የሚያልቅ መስሎኝ" አለ። የሦስት ዓመት ቂም አለበት፣ የቤቱ ጉዳይ ገና አልተፈታም፣ ግን የሰው ልጅ በስሙ እንዲያድግ እሱም አይፈልግም። ማክሰኞ ጠበቃ ዘንድ እሄዳለሁ ብሏል።

ማክሰኞ አልፏል። ዛሬ ስደውልላት "ቀጠሮ ይዟል አሉኝ፣ ራሱ ግን ስልክ አላነሳም" አለችኝ። ሕፃኑ ዛሬ 104 ቀኑ ነው። የልደት ምዝገባው 90 ቀን አልፏል፤ የባልየው ቆጠራ ግን ገና አላለቀም።